ሚልስ ሃይ ቶፕ፦ የቱ ክፍሉ የራሱ ነው፣ የቱስ የተለወጠ?

የድሮ ስሎት ማሽን፣ ማለትም ሳንቲም እየከተቱ የሚቆመሩበትን ማሽን፣ መሰብሰብ የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ እጁ የሚገባው ሚልስ ሃይ ቶፕ ነው። የቺካጎው ሚልስ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ያወጣው፣ ሦስት ሪል (ሥዕል የተለጠፈበት ተሽከርካሪ) ያለው፣ ወደ 40 ኪሎ ገደማ የሚከብድ፣ እጀታው ሲሳብ በሞላ (በስፕሪንግ) ኃይል የሚዞር ማሽን ነው። በብዛት ስለተመረተ ዛሬም አሜሪካ ውስጥ በአንቲክ ሱቆችና በጨረታ ቤቶች አይጠፋም፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ነው። መዘዙም የሚመጣው ከዚሁ ከመለዋወጫው ነው። የአምስት ማሽን ፍርስራሽ ያለው ሰው አዲስ ፊት (የማሽኑን የፊት ሽፋን) ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ክሮም አስነክሮ አንድ "ኦርጂናል" ሃይ ቶፕ ለገበያ ማቅረብ አይከብደውም። ላዩ ያምራል፤ ውስጡን ለቄስ።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ሃይ ቶፕ ለጀማሪ ከሚገዙት ሁሉ የተሻለው ነው፤ አንጀቱ (የውስጥ ማሽኑ) ጠንካራ ነው፣ ሲበላሽም ይጠገናል። ነገር ግን ሲገዛ በሦስት ሰዎች እጅ የተነካ ዕቃ መሆኑን አውቆ መግዛት ይገባል። መጀመሪያ የሠራው ፋብሪካ አለ። ቀጥሎ ማሽኑን በየመጠጥ ቤቱና በየካሲኖው እያስቀመጠ ገቢውን የሚሰበስበው ነጋዴ አለ፤ በሙያው ቋንቋ ኦፕሬተር ይባላል። በመጨረሻ በቅርብ ዓመታት "አድሼዋለሁ" የሚለው ሰው አለ። ኦፕሬተሩ የለወጠው የማሽኑ የሕይወት ታሪክ አካል ነው፤ ዋጋ አይቀንስም፣ አንዳንዴም ይጨምራል። የሦስተኛው ሰው ሥራ ግን በዋጋው ላይ መቆጠር አለበት። ከዚህ በታች ያለው ምርመራ ሁሉ የሁለቱን እጅ ለመለየት ነው።

ወደ ሻጩ ቤት ሲኬድ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ)፣ ማግኔት፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ አልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ እና ከባንክ የተወሰደ ሁለት ጥቅል ባለ 5 ሳንቲም። አንዱ ጥቅል 40 ፍሬ ይይዛል፤ ሁለቱ 4 ዶላር ናቸው። ማሽኑ ባለ 25 ሳንቲም ከሆነ ሁለቱ ጥቅል 20 ዶላር ይሆናሉ። ሻጩ ጀርባውን አልከፍትም ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ አመስግኖ መውጣት ነው።

ሻጭ ሲዋሽ ለመያዝ ጥቂት ዓመታትን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ቻርልስ ፌይ በሳን ፍራንሲስኮ ሊበርቲ ቤል የተባለውን ባለ ሦስት ሪል ማሽን የሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሚልስ የራሱን ሊበርቲ ቤል በ1907 ገደማ ሲያወጣ አካሉ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ነበር። ሎሚው፣ ብርቱካኑ፣ ፕለሙና ቼሪው በሪል ላይ የመጡት በ1910 ገደማ ነው፤ ማሽኑ ቁማር ሳይሆን ማስቲካ መሸጫ ነው ለማለት የማስቲካው ጣዕም ተሥሎባቸው ነው። "ባር" የሚለው ምልክትም ከዚያው ከማስቲካው መለያ የመጣ ነው። ከ1915 ገደማ ጀምሮ ከባዱ ብረት በእንጨት ሣጥንና በአልሙኒየም ፊት ተተካ። ጃክፖት (በመስታወት ውስጥ የሚታየው ትልቁ የሳንቲም ሽልማት) የተጨመረው በ1928 ገደማ ሲሆን፣ የገቡትን ሳንቲሞች በሰልፍ የሚያሳየው መስኮት በ1931 ዋር ኢግል በተባለው የሚልስ ሞዴል ላይ ይታያል። እንግዲህ "የ1912 ነው" ተብሎ ጃክፖት ያለው ማሽን ሲቀርብልዎ፣ ወይ ዓመቱ ተሳስቷል ወይ ጃክፖቱ በኋላ ተጨምሯል። ሁለተኛው ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሮክ ኦላን የመሳሰሉ የቺካጎ ድርጅቶች ጃክፖት ያለው ፊት ለብቻው ሠርተው ለኦፕሬተሮች ይሸጡ ነበር፤ ኦፕሬተሩ አሮጌውን ፊት ነቅሎ አዲሱን ይገጥማል። እንዲህ ያለው ማሽን የተለወጠ ነው፣ ግን በዘመኑ የተለወጠ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። ማግኔቱን ፊቱ ላይ ያስጠጉ። የሃይ ቶፕ ፊት አልሙኒየም ነውና ማግኔት አይይዝም። በተቃራኒው የ1907 ሊበርቲ ቤል ተብሎ የቀረበ ማሽን ላይ ማግኔቱ ካልያዘ ነገሩ አበቃ። ቀጥሎ ብልጭ የሚሉትን ክፍሎች ነጭ ወረቀት አጠገብ አድርገው ይዩ፤ ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ኒኬል ወደ ቢጫ። ክሮም ለንግድ መዋል የጀመረው በ1920ዎቹ አጋማሽ ስለሆነ ከዚያ በፊት በተሠራ ማሽን ላይ ያለ ክሮም የኋላ እጅ ሥራ ነው። ለሃይ ቶፕ ግን ክሮም ትክክል ነው፤ እዚያ የሚጠረጠረው ክሮሙ ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ምንም የእጅ ላብና ቆሻሻ አለመኖሩ ነው።

አስመስሎ የተሠራን ፊት የሚያጋልጠው ትልቁ ምስክር ልኩ ነው። አልሙኒየም ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ 1.3 በመቶ ገደማ ይኮማተራል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ሞዴሉን በዚያው ልክ አስፍቶ ይሠራል። አስመሳዩ ግን የፋብሪካው ሞዴል የለውም፤ ኦርጂናሉን ፊት እንዳለ አሸዋ ላይ አትሞ ያፈስሳል። የሚወጣው ፊት ከእናቱ በ1.3 በመቶ ያንሳል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ጎደለ ማለት ነው። ይህ ጉድለት በሦስት ቦታ ይታያል። የላይኛውና የታችኛው ፊት የሚገናኙበት መስመር ይከፈታል። ፊቱ የእንጨቱን ጠርዝ እኩል አይሸፍንም። የብሎን ቀዳዳዎቹም ከእንጨቱ ቀዳዳ ጋር አልገጥም ስለሚሉ አንድ ሰው በሞረድ ጎትቷቸው ክብ መሆናቸው ቀርቶ ሞላላ ይሆናሉ። ሞላላ ቀዳዳ ካዩ ካሊፐሩን ያውጡ፤ ከሌላ ከተረጋገጠ ማሽን የተወሰደ ልክ ይዘው ከሄዱ ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

የፊቱን ጀርባም ይዩ። የድሮ አልሙኒየም ከጀርባው ደብዝዞ አመድማ ነው፣ የአሸዋው ምልክትም በደቃቁ ይታያል። አዲሱ ነጭ ሆኖ ያበራል፤ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጠብጣቦች ይበዙበታል፤ የመፈግፈጊያ ድንጋዩ ጭረት ገና ትኩስ ነው። ከፊት ለፊት ደግሞ ቅርጹ ይለሰልሳል፤ ሹል መሆን ያለበት የፊደል ጠርዝ የተጠባ ከረሜላ ይመስላል።

ብሎን ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን አይዋሽም። ባለ መስቀል ራስ ብሎን በኢንዱስትሪ የገባው በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በ1931 ዋር ኢግል ላይ ከተገኘ በኋላ የገባ ነው። ለሃይ ቶፕ ዓመቱ አያግደውም፤ ስለዚህ እዚህ የሚታየው ጥርሱ ነው። የአሜሪካ ፋብሪካ በኢንች ይሠራል፤ ከእስያ የመጣ አዲስ ክፍል በሚሊ ሜትር ይታሰራል። ጥንቃቄ የሚሻው፣ ኢንቹ 10-32 የሚባለው ብሎንና የ5 ሚሊ ሜትሩ ብሎን በጣም ይመሳሰላሉ፤ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ጥቂት ዙር ይገባና ከዚያ ይነክሳል። በካሊፐር ሲለካ ኢንቹ 4.8፣ ሌላው 5.0 ይላል። ከሣጥኑ አራት ብሎን ነቅሎ መለካት ይበቃል። በኃይል የገባ ብሎን ደግሞ የአልሙኒየሙን ጥርስ በልቶት ይሄዳል፤ ፊቱ የሚወዛወዝ ማሽን ብዙ ጊዜ ሕመሙ ይኸው ነው።

ስለ እንጨቱ ብዙ አንልም። አሮጌ እንጨት ከውስጥ ይጠቁራል፤ አዲስ እንጨት ከውጭ ቀለም ተቀብቶ ከውስጥ ይነጣል። ኮምፔንሳቶ ጎን ያለው የ1930ዎቹ ማሽን ሣጥኑ ሳይቀየርበት አልቀረም። በጎኑ ላይ የተደፈነ ትንሽ ቀዳዳ ወይም ከውስጥ የተለጠፈ ላሜራ ካገኙ ግን አይዘኑ፦ በዘመኑ አጭበርባሪዎች ሣጥኑን በመሰርሰሪያ በስተው በሽቦ ሪሎቹን ያቆሙ ነበር፣ ላሜራውም ኦፕሬተሩ የለጠፈው መከላከያ ነው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ በፑቲ አስተካክሎ ማጥፋት ለኛ ከመብሳቱ የባሰ ጥፋት ነው።

መለያ ቁጥሩ በብዛት ከአንድ ቦታ በላይ ይመታል፦ በውጭ ባለ የብረት ሰሌዳ ወይም ፊቱ ላይ፣ በፊቱ ክፍሎች የውስጥ ጠርዝ፣ በእንጨቱም ላይ። ሁሉም አንድ ቁጥር ካላቸው ሣጥኑና ፊቱ አብረው ከፋብሪካ ወጥተዋል ማለት ነው። የላይኛው ፊት ሌላ፣ የታችኛው ሌላ ቁጥር ካለው ከሁለት ማሽን የመጣ ነው፤ ይህም ሁልጊዜ አዲስ ሥራ አይደለም፣ ኦፕሬተሮች በጥገና ቤታቸው ክፍሎችን እንደ ካልሲ ያቀያይሩ ነበርና። ቁጥሩ ከጠፋና ቦታው በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባዶ ሰሌዳ ይዞ የሚያብረቀርቅ ማሽን ከሁሉ አስቀድሞ ይጠረጠራል።

ዋናው ምርመራ የሚጀምረው አንጀቱ ሲወጣ ነው። ጀርባውን ይክፈቱ። እጀታው በዕረፍት ቦታው መሆኑን፣ ሪሎቹም መቆማቸውን ያረጋግጡ፤ እጀታው በግማሽ ተስቦ ከቀረ ሞላው እንደተወጠረ ስለሆነ ጣት ይቆርጣል። ለክፍያ የሚሆነው ሳንቲም የሚጠራቀምበት ቱቦ ውስጥና ጃክፖቱ ውስጥ ያለውን ሳንቲም ያራግፉ። አንጀቱን ከሣጥኑ ወለል ጋር የሚይዘውን መያዣ ፈትተው በሁለት እጅ ወደ ራስዎ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። እምቢ ካለ አይታገሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀረ ሳንቲም ወይም ያልተለቀቀ ጃክፖት ነው የሚይዘው። ሲወጣ ከማሽኑ ክብደት ከፊሉ እጅዎ ላይ ነው፤ አጠገብዎ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ጠረጴዛ ይኑር።

ሪሎቹን ከማየት በፊት አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል፦ ማሽኑ ሥዕል አያይም። ቼሪውንና ደወሉን የሚያየው ተጫዋቹ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው ከሪሎቹ ጋር አብረው የሚዞሩትን የተበሱ ዲስኮች ነው፤ ሪሎቹ ሲቆሙ ጣት የመሰሉ ብረቶች ወደ ዲስኮቹ ይጠጋሉ፣ ቀዳዳ ያገኘ ጣት ይገባል፣ ክፍያውም በዚያ ይወሰናል። የወረቀቱ ሥዕልና የብረቱ ቀዳዳ መስማማት ያለባቸው ለዚህ ነው። አዲስ የሥዕል ወረቀት ለጥፎ የሸጠ ሰው የሌላ ሞዴል ወረቀት ከተጠቀመ፣ ሦስት ፕለም ተሰልፎ ማሽኑ ዝም ይላል፤ ወይም ምንም ሳይሰለፍ 10 ፍሬ ሳንቲም ይተፋል። ወረቀቱ በአንድ ምልክት ልክ ተንሸራቶ ከተለጠፈም ውጤቱ ይኸው ነው። ይህን "የማሽን ጉድለት" ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ ካጋጠመ ደስ ይበልዎ፤ መድኃኒቱ ወረቀቱን ነቅሎ አስተካክሎ መለጠፍ ነው።

ወረቀቱ የዘመኑ መሆኑን ለማወቅ መብራቱን አጥፍተው አልትራቫዮሌቱን ያብሩበት። የአሁን ወረቀት ነጭ የሚያስመስል ኬሚካል ስላለበት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል፤ የድሮው ደብዛዛ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በሌንሱ ሲታይ የድሮው ቀለም ድፍን ያለ አንድ ወጥ ነው፤ አዲሱ ከጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች የተሠራ ነው። የክፍያ ዝርዝሩ ያለበትን ካርድም በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። በእኛ ዓይን የተቀደደና የደበዘዘ ኦርጂናል ወረቀት ከአዲሱ ይበልጣል፤ ከተነሳ አይመለስም።

አሁን ከሁሉ የሚያስደስተው ክፍል። እያንዳንዱ ሪል 20 መቆሚያ አለው፤ ሦስቱ ሲባዙ 8,000 ዓይነት አቋቋም ይሆናሉ። ሪሉን በጣት ቀስ እያሉ እያዞሩ የመቆሚያ ጣቱ የሚገባባቸውን ጥርሶች ይቁጠሩ። 19 ብቻ ከሆኑ፣ በአንዱ ጥርስ ላይ የተገጠመች ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ይፈልጉ። ሠሪዎቹ በእንግሊዝኛ "ተባይ" እንደማለት ባግ ይሏታል። ጣቱ በዚያች ብረት ላይ ሲደርስ ተንሸራቶ ወደ ሚቀጥለው ጥርስ ያልፋል፤ ስለዚህ እዚያ ያለው ምልክት በመስኮቱ እያለፈ ይታያል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም። ኦፕሬተሩ ባጉን የሚገጥመው በባሩ ላይ ነው። በየሪሉ አንድ ባር ብቻ ባለበት ማሽን የጃክፖቱ ዕድል ከ8,000 አንድ ነው፤ በአንዱ ሪል ባር ላይ ባግ ሲገባ ዕድሉ ዜሮ ይሆናል። ጃክፖቱ በመስታወቱ ውስጥ ሞልቶ ተጫዋቹን ይጣራል፣ ግን ማንም አይወስደውም። ይህ በዘመኑ የተሠራ ሌብነት ነው፤ ለሰብሳቢ ግን ጌጥ ነው። ባጉ ካለ አይንቀሉት፤ ወይም ነቅለው ከማሽኑ ጋር በፖስታ ያኑሩት። ባጉ ተነቅሎም ከሆነ ጥርሱ ላይ የመቆንጠጥ ጠባሳ ይተዋል።

ከሪሎቹ ሥር የክፍያው ቤት አለ፤ የገንዘብ ዓይነት የተቀየረበት ማሽን የሚጋለጠው እዚህ ነው። ሳንቲሞቹ ቱቦ ውስጥ ተደራርበው ይቆማሉ። ከቱቦው ሥር ቀዳዳ ያላቸው ስላይዶች ተነባብረው የተኙ ሲሆን፣ የሳንቲሙ ክምር በቀዳዳዎቹ ውስጥ አልፎ ይወርዳል። ስላይዱ ሲንሸራተት በቀዳዳው ውስጥ የነበረውን ሳንቲም ይዞ ሄዶ ይጥላል። ስለዚህ ማሽኑ ሳንቲም አይቆጥርም፤ የሚከፍለው በስላይዱ ውፍረት ልክ ነው። የተለመደው የሚልስ አከፋፈል በሳንቲም ፍሬ ሲቆጠር 3፣ 5፣ 10፣ 14፣ 18፣ 20 ነው፤ በቀድሞዎቹ ማሽኖች ላይ ደግሞ 2፣ 4፣ 8፣ 12፣ 16፣ 20 ይገኛል።

ባለ 5 ሳንቲሙ ኒኬል ስፋቱ 21.2፣ ውፍረቱ 1.95 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 25ቱ ኳርተር ስፋቱ 24.3፣ ውፍረቱ ግን 1.75 ነው። ኳርተር በስፋት ይበልጣል፣ በውፍረት ያንሳል። ባለ 25 ሳንቲም ማሽን በዋጋ ስለሚፈለግ፣ ባለ 5ቱን ወደ 25 የሚቀይሩ ሰዎች የስላይዱን ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ያሰፋሉ፤ ውፍረቱን ግን ማን ይቀንሰዋል? ለሦስት ኒኬል የተሠራ ስላይድ 5.85 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይፈልጋል። ሦስት ኳርተር 5.25 ነው። የቀረው 0.6 ሚሊ ሜትር ላይ አራተኛው ሳንቲም ሲሶው ገብቶ የቀረው ከላይ ይንጠለጠላል፤ ስላይዱ ሊሄድ ሲል ሳንቲሙ እንደ መቀርቀሪያ ያግደዋል። በአሥሩ ክፍያ ላይ ደግሞ 11 ኳርተር ይገባበታል፤ ማሽኑ ቸር ይሆናል። "አንዳንዴ ይነክሳል፣ አንዳንዴ ይጨምራል" የሚባል ማሽን ስላይዱ መለካት አለበት። የተሰፋ ቀዳዳ ጠርዙ ነጭና የተቧጠጠ ነው፤ የፋብሪካው ለስላሳና የጠቆረ ነው። የሳንቲም መግቢያውም በሞረድ የተጎተተ ከሆነ ጉዳዩ ተዘግቷል። በትክክል የተቀየረ ማሽን መግቢያው፣ የሳንቲም ሰልፉ፣ ቱቦው፣ ስላይዶቹና ጃክፖቱ አንድ ላይ ተቀይረው ነው፤ ያ ከሆነ ምንም ቅሬታ የለንም።

ይህን ካዩ በኋላ አንጀቱን መልሰው ያስገቡና በሳንቲም ይፈትኑት። ቱቦውን ይሙሉ፤ ቢያንስ 40 ይግባ፣ ምክንያቱም ትልቁ ክፍያ ብቻውን 20 ይወስዳል። ሳንቲም ከተው እጀታውን እስከ መጨረሻው ይሳቡ። ሪሎቹ ከግራ ወደ ቀኝ ተራ በተራ፣ በእኩል ልዩነት መቆም አለባቸው። ሁለቱ አብረው ከቆሙ ወይም ሦስተኛው ከዘገየ፣ አቋቋማቸውን የሚመራው ሰዓት መሰል ክፍል ቆሽሿል። ብዙ ጊዜ ስብራት አይደለም፤ አንድ ሰው የቀባው ግራሶ ደርቆ ሙጫ ሆኗል። ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ የነፋበትም እንዲሁ፦ ለአንድ ወር ይሮጣል፣ ከዚያ አቧራውን ሰብስቦ ይቆማል። መፍትሔው ሰዓቱን አውጥቶ አጥቦ፣ በየምሰሶው ጫፍ አንድ ጠብታ ቀጭን የሰዓት ዘይት ማድረግ ነው። ስላይዶቹና የሳንቲሙ መንገድ ግን ደረቅ ሆነው ይቆዩ፤ ዘይት የነካው ሳንቲም እርስ በርሱ ይጣበቃል።

እዚያው ሰዓቱ ላይ አንዳንዴ ተጨማሪ ትንሽ መዘውር ይታያል፤ ጀማሪ የኋላ ጭማሪ ነው ብሎ ሊነቅለው ይዳዳዋል። አይነካ። በ1940ዎቹ መጨረሻ የሪሎቹን የመዞሪያ ጊዜ በልባቸው እየቆጠሩ እጀታውን በሚፈልጉት ቅጽበት የሚስቡ ተጫዋቾች ካሲኖዎችን አራቁተው ነበር። ሰዓቱ ሁልጊዜ እኩል ስለሚሄድ ውጤቱ ይተነበያል። መልሱ አካሄዱን የሚያዛባ መሣሪያ መጨመር ሆነ። ሃይ ቶፕ ላይ መገኘቱ ማሽኑ በእርግጥ ሥራ ላይ እንደነበረ ይመሰክራል።

ክፍያውን አንድ በአንድ ለመፈተን ሪሎቹን በእጅ በሚፈለገው ምልክት ላይ አቁመው ዑደቱን ቀስ ብለው ያስጨርሱ፤ የወጣውን ቆጥረው ከካርዱ ጋር ያስተያዩ። ስድስቱንም የክፍያ ልክ ይሞክሩ። 18 መክፈል ሲገባው 14 የሚከፍል ማሽን አንዱ ስላይድ ተጣብቋል፤ ከተጻፈው አንድ ያነሰ የሚከፍል ደግሞ የተጣመመ ሳንቲም ቱቦው ውስጥ አለው። እጀታው ከተያዘ ጉልበት አይጠቀሙ። የሚሰበረው ከእጀታው ጋር የተያያዘው ጥርስ ነው፤ በዚህ ማሽን ላይ ከሚደርሱ ጉዳቶች ብዙዎቹ የደረሱት ሳሎን ውስጥ ነው፣ እንግዳ ሲስበው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች በተለይ ለሃይ ቶፕ። አንደኛ፣ በላስ ቬጋስ በ1946 የተከፈተው ጎልደን ነገት ካሲኖ ስም ያለበት ሃይ ቶፕ በዋጋ ይለያል፤ በዚህም ምክንያት ስሙ ያለበት ፊት እንደገና እየተቀረጸ በተራ ማሽን ላይ ይገጠማል። እንዲህ ያለውን ከላይ በተባለው የልክ ፈተና ሳያሳልፉ የስሙን ዋጋ አይክፈሉ። ላስ ቬጋስ ውስጥ በካሲኖ የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸውና፣ ስሙን ስለሚያውቁት ብቻ ልባቸው እንዳይሳብ። ሁለተኛ፣ የጃፓኑ ሴጋ የቪዲዮ ጨዋታ ከመሥራቱ በፊት የሃይ ቶፕን ቅጂ ሴጋ ቤል እያለ ይሸጥ ነበር። ይህ አስመሳይ ሳይሆን የራሱ ታሪክ ያለው ማሽን ነው፤ ግን የሴጋ አንጀት በሚልስ ፊት ተሸፍኖ በሚልስ ዋጋ ሲመጣ ከሁለት አንድም አይደለም።

ሌሎቹን የድሮ ሞዴሎች፣ የሌሎች ኩባንያዎችንም ጨምሮ፣ በአጭሩ። ዋር ኢግል ውብ ነው፣ ግን ፊቱ በብዛት ከሚቀረጹት አንዱ ስለሆነ ለመጀመሪያ ግዢ አንመክረውም። በ1935 የወጣው የዋትሊንግ ሮል ኤ ቶፕም እንዲሁ፤ ሙሉ በሙሉ አዲስ የተሠራ ሮል ኤ ቶፕ በገበያ አለ። የጄኒንግስ ሰን ቺፍ ከፋብሪካ መብራት ይዞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ገመዱ ጥፋት አይደለም። ገመድ ያለው ዋር ኢግል ካዩ ግን አንድ ሰው አምፖል ጨምሮበታል።

ኦርጂናልነቱ የሕግ ጉዳይም ነው። በ1951 የወጣው የጆንሰን ሕግ የቁማር ማሽን ከስቴት ወደ ስቴት ማጓጓዝን ገድቧል፤ ቤት ውስጥ ማስቀመጥን ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ ይወስናል። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድ ቢያንስ 25 ዓመት ያለፈውን እንደ ጥንታዊ ዕቃ ያዩታል፣ ለቁማር እስካልዋለ ድረስ። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ገዢ ሃይ ቶፕን በዕድሜው አይሰጋበትም። ሌሎች ስቴቶች ሌላ ቁጥር አላቸው፣ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። ችግሩ ያለው ከአዳዲስ ክፍሎች በተገጣጠመው ላይ ነው፦ ፊቱ የዛሬ፣ ሣጥኑ የዛሬ፣ ቁጥሩ የተፈገፈገ ማሽን 25 ዓመቱ ከየት ይቆጠርለታል? ደረሰኙ ላይ ሻጩ የተቀየሩትን ክፍሎች በዝርዝር ጽፎ ይፈርም፦ ፊት፣ ሣጥን፣ የሪል ወረቀት፣ ስላይድ፣ ቁልፍ። ቁልፉ መቀየሩ አያስደነግጥ፤ የድሮ ቁልፎች ጠፍተው ጋኑ ተሰርስሮ ያልተቀየረ ማሽን ጥቂት ነው።

ሲጓጓዝ አንጀቱና ሣጥኑ ተለያይተው በሁለት ካርቶን ይሂዱ። ሳንቲም አንድም እንዳይቀር፤ በመንገድ የሚንከባለል ኒኬል የሪል ወረቀት ይቀድዳል። ሪሎቹ እንዳይዞሩ በለስላሳ ጨርቅ ይታሰሩ፣ ፕላስተር ግን ወረቀቱን እንዳይነካ። እጀታው ይነቀል። ጃክፖቱ ላይ መስታወት ካለ ከኋላውም ከፊቱም ካርቶን ይደረግለት። ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ በሩን የሚዘጋ ሻጭ አይጠፋም፤ ቁልፉ ለብቻው በፖስታ ይምጣ።